ፊውዝና ጠርሙሱ

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። የዚህ ሰውዬ እናት ቀድማው ስለሄደች፣ እሱ የቀረው ለሚስቱ ነበር።

ሥራው በአንድ ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ነው። ባልደረቦቹ ፊውዝ ይሉታል፤ እውነተኛ ስሙን ቢጠየቁ ግማሾቹ አያውቁትም። ስሙ የወጣለት ገና ጀማሪ ሳለ ነው። አንዲት አምፖል ቀይር ቢሉት የክፍሉን መስመር በሙሉ አጠፋ፣ ፊውዙን ነቀለ፣ አንዱ ቀልቃላ መጥቶ እንዳይመልሰው ብሎ ኪሱ ከተተው፣ ከዚያ ቴስተሩን አውጥቶ ሽቦውን ሞከረ። ሞክሮም አላመነም፤ ደገመው። ብስኩቱ ምድጃ ውስጥ ተበላሽቶ፣ ፎርማኑ ራሱን ይዞ እየጮኸ፣ እሱ ገና መሰላሉ ይወላወል እንደሆነ በእግሩ ይነካካ ነበር። ሲስቁበት አይከፋውም። «ደፋር ደፋሮቹን ሸኝቼ ጨርሻለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሲሸኙ አይቷል።

ሚስቱስ? የእሷ ነገር ሌላ ነው። መንዳት አስተማሪ ናት። ፍሬንና ነዳጅ ከሚምታታባቸው ሰዎች ጎን ተቀምጣ ስትውል ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አንዴ ተማሪዋ መኪናውን ይዞ የአንድ ጫማ ቤት መስታወት ውስጥ ቢገባ፣ «ጥሩ፤ አሁን ማርሹን ወደ ኋላ አስገባና ይቅርታ ጠይቀን እንውጣ» ማለቷን ከተማው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ቤታቸውም እንደዚያው ነበር። እሷ ትነዳለች፣ እሱ ቀበቶውን ያስራል። ልጅ አልወለዱም። ሐሳብ ሲገባው፣ ነጎድጓድ ሲሰማ፣ ያላወቀው ቁጥር ሲደወልለት «አይዞህ» የምትለው እሷ ናት፤ ይህን ቃል በቀን ስንቴ እንደምትለው ቢቆጠር ሰው ይታዘባል።

ከዚያ በሽታው መጣባቸው። መጀመሪያ ጡቷ ላይ ነበር፤ ተቆርጦ ወጣ፣ ታከመች፣ ዳነች ተባለ፣ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ወገቧን ያማት ጀመር። መቀመጥ አብዝቼ ነው አለች። ተመረመረች፤ በሽታው ተመልሶ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። የባሰ አታምጣ ይባላል እንጂ የባሰውስ ከዚህ ወዲያ ምን ነበር?

የካንሰር ሐኪሟ ያለችው ከቤታቸው ሩቅ፣ ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ጠጉሯ የሸበተ፣ ቀኑን ሙሉ ስትናገር የምትውል ድምፀ ሻካራ ሴት ናት። በመጨረሻው ቀጠሮ ላይ ለሕመሙ የሚሆን ፈሳሽ መድኃኒት አዘዘችላት፤ ቡናማ ጠርሙስ፣ አፍ ውስጥ ጠብ ከሚደረግበት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ጋር። ፊውዝን ኮሪደሩ ላይ ያዝ አድርጋ አጠቃቀሙን ነገረችው። አፏ ላይ ጭንብል አለ፤ በአጠገባቸው አንድ አልጋ ጎማው እየጮኸ ያልፋል፤ ነርሷ ወዲያ ማዶ ተራ ትጠራለች። «ሲያማት ስጣት» ስትለው ሰማ። «አትጠብቅ። ልኩ ጠርሙሱ ላይ አለልህ።» እሺ ዶክተር አለ። ይድገሙልኝ አላለም፤ ከኋላዋ ሰው ተሰልፎ ነበር።

ጠርሙሱ ላይ «በየአራት ሰዓቱ» የሚል ተለጥፏል። ፊውዝ ይህንንና የሰማውን ገጣጥሞ የራሱን ሕግ አወጣ፤ ሲያማት ይሰጣል፣ ግን አራት ሰዓት ሳይሞላ አይደገምም ማለት ነው አለ። ለጠንቃቃ ሰው የሚመች ሕግ ነበር። ከዚያ የመድኃኒቱን ስም አነበበ። ሞርፊን።

እናንተዬ፣ ኤሌክትሪክን እንኳ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። ኤሌክትሪክ ፊውዙ ከተነቀለ ያበቃለታል፤ ይኼኛው ግን አንዴ ከጉሮሮ ከወረደ ማን ይነቅለዋል? የሚስቱ ታላቅ እህት ደግሞ ልትጠይቅ መጥታ ጠርሙሱን ስታይ ፊቷ ልውጥ አለ። ወደ ማድ ቤት ጎትታ አስገብታው፣ «እሱን የሚሰጡት ላለቀለት ሰው ነው» አለችው። «ደግሞ ሱስ ያስይዛል። የጎረቤታችንን ልጅ አላየኸውም? በእንክብል ነው የጀመረው። ተጠንቀቅ፣ በገዛ እጅህ እንዳትሆንብህ።»

«ምኑ ነው በእጄ የሚሆነው፣ እትዬ?» አለ፣ ገብቶት ሳለ።

«ምን እንደምል ታውቃለህ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሲሪንጁን በያዘ ቁጥር እጁ ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱን ከሰጣት በኋላ አጠገቧ ተቀምጦ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ያያል፤ ትንፋሿ ትንሽ ከዘገየ መዳፉን አፍንጫዋ ፊት ያደርጋል። እሷ ዓይኗን ሳትገልጥ «አለሁ» ትለዋለች። ፋብሪካ ሲሆን ስልኩ ከጮኸ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ማታ ሲገባ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ መጀመሪያ ያዳምጣል፤ ስታስል ከሰማ በኋላ ነው የሚከፍተው።

እናም ምን አደረገ? ዘገየ። ሲያማት ስጣት ተብሏል፤ ሲያማት ማለት መቼ ነው? ፊቷ ሲጨማደድ ነው? ስታቃስት ነው? «አመመሽ?» ይላታል። እሷም ሞኝ አይደለችም፤ የእጁን መንቀጥቀጥ፣ የግንባሩን ላብ ታያለች። የሃያ ዓመት ባሏን ፍርሃት ከራሷ ሕመም ይልቅ ታውቀዋለች። ሆድ ይፍጀው ብላ፣ «ትንሽ ይቆይ» ትለዋለች። እሱ ደስ ይለዋል፣ ይቆያል። ጥርሷን ነክሳ ነክሳ፣ የትራሷን ጫፍ መንከስ ስትጀምር ያን ጊዜ ይሰጣታል። ያን ጊዜ ደግሞ ሕመሙ ቤት ሠርቷል፤ መድኃኒቱ ደርሶ አያስለቅቀውም። «ጨምርልኝ» ትለዋለች፤ በሕይወቷ ለምና የማታውቅ ሴት። ሱሱ መጣ ይላል በሆዱ። ጠርሙሱን ከራስጌዋ አንስቶ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ የመፍቻ ሣጥኑ ውስጥ ደበቀው። ደበቀው እላችኋለሁ፤ ከማን? መነሳት ከማትችል ሴት።

ሰው ለማማከር ብሎ ሰፈራቸው ወዳለው ክሊኒክ ሄደ። እዚያ ያለው ጠቅላላ ሐኪም ልጅ እግር ነው፤ ጉንፋኑን፣ ደም ግፊቱን፣ የሕፃናቱን ጆሮ እያየ ይውላል። ሰው ያከብራል፣ ሰውም ይወደዋል። «ግቡ ጋሼ፣ ደም ግፊትዎ ነው?» ብሎ ተቀበለው። ፊውዝ ጠርሙሱን ከጃኬቱ ኪስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው፣ ልጁ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ። ውጭ ሙቀት ነበር፤ ማንም የሚያዳምጥም አልነበረም።

«ይህን እኔ አልጽፍም፣ ጋሼ» አለ፣ ሳይጠየቅ።

«እንዲጽፉልኝ አይደለም። ልጠይቅዎ ነው። ጨምርልኝ ትለኛለች። ሱስ ይዟት ይሆን?»

ሐኪሙ ጠርሙሱን በጣቱ ጫፍ ገፋ አደረገው። «ድሮ እንደ ከረሜላ የሚጽፉ ነበሩ» አለ። «ብዙ ሰው ተጎዳ፣ ቁጥጥር መጣ። ከዚያ ወዲህ እኛ ጠቅላላ ሐኪሞች እጃችንን አንስተናል። የካንሰር ሐኪሞቹ ብቻ ቀሩ፤ እነሱም ቢሆኑ ድሮ እንደሚጽፉት አይጽፉም። እኔ አንዴ ለአንድ ሽማግሌ ጻፍኩ። ሰዎች መጥተው መዝገቤን ሲበረብሩ ዋሉ። ጥፋት አላገኙብኝም። ግን ዋሉ።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይኼ ነው። ሁለቱ ፈሪዎች በዝግ ክፍል ውስጥ ጠርሙሱን መሃላቸው አስቀምጠው ተያዩ። ልጁ የሚያውቀውን ቢያስታውስ፣ በስንት ሰዓት ልዩነት እንደሚሰጣትና መቼ እንደምትጮኽ ቢጠይቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው በተፈታ ነበር። አልጠየቀም። መጠየቅ ማለት ነገሩ ውስጥ መግባት ነው።

«ሲያማት ነው መስጠት ያለብኝ፣ አይደል?» አለ ፊውዝ።

«አዎ፣ ሲያማቸው ብቻ» አለ ሐኪሙ፣ ጠርሙሱ ከጠረጴዛው ላይ እንዲነሳለት ብቻ። «በጣም ሲያማቸው።»

ፊውዝ አመስግኖ ወጣ። ልቡ ቀለል አለው፤ የተማረ ሰው አረጋግጦለታል።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እህቷ ማድ ቤት ሾርባ ታሞቃለች፣ ፊውዝ የተቃጠለ የልብስ መተኮሻ ፈቶ ያያል። መኝታ ቤት አንድ ነገር ዱብ አለ። ሮጦ ሲገባ፣ ሚስቱ ሽንት ቤት ልትሄድ ተነስታ በጉልበቷ ወድቃለች፤ ደረቷ አልጋው ላይ፣ እግሯ ወለሉ ላይ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አትልም። ሊያነሳት ሲነካት ያወጣችውን ድምፅ እሱ ከሰው ሰምቶት አያውቅም። እህቲቱ የያዘችው ማንኪያ ከእጇ ወደቀ።

መፍቻ ሣጥኑን አወረደ፣ ጠርሙሱን አወጣ፣ ለካ፣ ሰጣት። ጠበቁ። ምንም የለም። ወለሉ ላይ አጠገቧ ተንበርክኮ ጠበቀ፤ ላቧ በአንገቷ ይወርዳል፣ አንሶላውን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። «ጨምርልኝ» አለች።

«አራት ሰዓት አልሞላም» አለ።

«ሱስ ነው፣ አልነገርኩህም?» አለች እህቲቱ ከበሩ ላይ፣ እያለቀሰች።

ሚስቱ ራሷን አዙራ አየችው። አልተቆጣችም። ተማሪ ቀይ መብራት ሲጥስባት በምትናገርበት ድምፅ፣ ቀስ ብላ፣ «ከእኔና ከጠርሙሱ ማናችንን ነው የምትፈራው?» አለችው።

ወደ ኮሪደሩ ወጣና ለካንሰር ሐኪሟ ደወለ። ቅዳሜ ነው፣ አታነሳም ብሎ ነበር፤ አነሳች። ቃል ከቃል እየተጋጨበት የሆነውን ነገራት፤ እንደወደቀች፣ እንደሰጣት፣ እንዳልያዘላት፣ ሱስ ይሆን ብሎ እንደፈራ።

«ቆይ» አለች ሐኪሟ። «መቼ መቼ ነው የምትሰጣት?»

«እንዳሉኝ ነው፣ ዶክተር። ሲያማት።»

«ምን አልኩህ?»

«ሲያማት ስጣት።»

«ሳያማት» አለች። «ሳያማት ስጣት ነው ያልኩህ። ሳ። ሕመሙ ሳይመጣ፣ ቀድመህ፣ በየአራት ሰዓቱ፤ ደህና ሆና ብትስቅ እንኳ። ሕመሙ ከመጣማ አመለጠህ፣ ከኋላው መሮጥ ነው።»

ፊውዝ ግድግዳውን ተደገፈ። ሳ እና ሲ። የአንዲት ፊደል ቅጥያ ነች። በዚያች ቅጥያ ምክንያት ሚስቱ ስንት ሳምንት ትራስ ስትነክስ ከረመች።

«ሱሱስ?» አለ።

«የጠማው ሰው ውሃ ጨምሩልኝ ቢል ሱስ ይዞታል ትላለህ?» አለች ሐኪሟ። ከዚያ ድምጿን አለሰለሰች። አሁን ምን ያህል መጨመር እንደሚችል ነገረችው፤ አስደገመችው፤ እንደገና አስደገመችው። ስትቀሰቅሳት የማትነቃ ከሆነ ወዲያው ደውልልኝ አለችው። «ጭንብሉን አውርጄ መናገር ነበረብኝ» ብላም ጨመረች። ጠርሙሱ በትክክል ከተሰጠ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ሚስቱ ደግሞ በዚያ ወገብ ሆስፒታል ድረስ በመኪና መምጣት እንደማትችል ስትሰማ፣ ለሰፈሩ ሐኪም ራሷ እንደምትደውል ነገረችው። «እሱ መጻፍ ይችላል። ፈርቶ ነው። አልፈርድበትም፤ እኛም ብዕር ስናነሳ ወደ ኋላችን እናያለን።»

ተመልሶ ገባ። የተባለውን ለክቶ ሰጣት። ቆይቶ፣ ቀስ በቀስ፣ ጣቶቿ አንሶላውን ለቀቁ። ከእህቲቱ ጋር ሆነው አልጋው ላይ አወጧት። ያን ጊዜ ነገራት። ሳያማት ነበር ያሉኝ፣ ሲያማት ብዬ ነው የሰማሁት አለና ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ ይኼን የሚያህል ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይታችሁ አታውቁም። እህቲቱ ሾርባውን ላየው ብላ ወጣች።

«በአንድ ፊደል?» አለች ሚስቱ፣ ምላሷ ከብዷት።

«በአንድ ፊደል።»

«የእኔ ተማሪ ብትሆን ፈተናውን እንድታልፍ አልፈርምልህም ነበር» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ የቀረ እንዳይመስላችሁ። ባሰበት እንጂ። የሚያቃስትን ሰው መድኃኒት ማጠጣት አንድ ነገር ነው፤ ትራስ ተደግፋ ስለ አንድ ዓይነ ስውር ነጂ የምትቀልድን ሴት አፍሽን ክፈቺ ብሎ ሞርፊን መስጠት ሌላ ነው። በየአራት ሰዓቱ ነፍሰ ገዳይ የሆነ ይመስለው ነበር። ግን ሰጠ። ልኩን ወደ መብራቱ አንስቶ አይቶ፣ ደግሞ አይቶ፣ ሰጠ። ሚስቱም መብላት ጀመረች፤ ዞር ብላ መተኛት ቻለች። ጠርሙሱ ግን በየቀኑ ይጎድላል። አሁን የሚያስፈራው መጉደሉ ነበር። ባለቀ ማግስት ያ ድምፅ ይመለሳል፤ ያን ድምፅ ሁለተኛ ከምሰማ ብሎ ያሰበውን እዚህ አልደግመውም።

የሰፈሩ ሐኪም ተደውሎለታል፤ እሺም እምቢም አላለም። ፊውዝ ክሊኒኩ ሄዶ፣ «አይጻፉ፤ መጥተው ይዩዋት ብቻ» ብሎ ለመነው። መጣ። ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ለካ ይተዋወቃሉ፤ መንዳት ያስተማረችው እሷ ነች።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለችው። «አሁንም አደባባይ ስትደርስ ዓይንህን ትጨፍናለህ?»

«ትቻለሁ፣ አስተማሪ» አለ። አጠገቧ ተቀመጠ፤ መረመራት። ወገቧን ሲነካ፣ መድኃኒቱ እያለም እንኳ ፊቷ ላይ ያለፈውን አየ። ስለ ሌሊቷ፣ ስለ ሆዷ፣ ስለ እንቅልፏ ጠየቃት፤ ያን ቀን ክሊኒኩ ውስጥ መጠየቅ የነበረበትን ሁሉ ጠየቀ። ማዘዣውን አወጣ። ብዕሩን ከፈተ። ቆመ። በግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ፊውዝ ያንን ላብ ከመስታወት ያውቀዋል።

«ስሜ ይያዛል» አለ ሐኪሙ፣ ለማንም ሳይሆን። «ይመጡብኛል።»

ፊውዝ ሊለምነው ብድግ አለ። ሚስቱ ናት የተናገረችው። «ይመጡ ይሆናል» አለች። «እኔ እያስተማርኩህ ሞተር ያጠፋህባቸው መንገዶች ላይ ሁሉ ከኋላህ ሰው ክላክስ ሲያደርግብህ ነበር። አጠፋህ፣ አስነሳህ፣ ሄድክ። አሁንም ቀስ ብለህ።»

ልጁ ጻፈ። ለሳምንት ብቻ ነው አለ፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ግን መጥቼ አይቼ እጽፋለሁ አለ። ሲወጣ የፊውዝን እጅ ጨበጠው፤ የሁለቱም እጅ ረጥቦ ነበር። ፊውዝ ማዘዣውን ይዞ ፋርማሲ ድረስ ሮጦ ሄደ፤ ያ አስፋልት ሲሻገር ግራ ቀኙን የሚያይ ሰው ያን ቀን ሳያይ ነው የተሻገረው።

እንዲህ ሆነው ከረሙ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ አልጋው ጫፍ ላይ ደርሶ ሳለ፣ ፊውዝ ሲሪንጁን አለቅልቆ በጨርቅ ያደርቃል። ሚስቱ ወደ መስኮቱ ታያለች።

«ፈራሁ» አለች።

ዞር አለ። ያልሰማ መሰለው። «አመመሽ?»

«አላመመኝም። እሱ ነው እኮ። ሕመሙ እያለ ስለ ሌላ ነገር የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም። አሁን ጊዜ አገኘሁ።» ወደ እሱ ዞረች። «መሞት ፈራሁ።»

በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። አይዞሽ ሊላት አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። አይዞሽ ቢላት ውሸት ነው፤ ውሸቱንም ታውቀዋለች። ሲሪንጁን አስቀመጠ።

«እኔም» አለ። «እኔም በጣም ፈርቻለሁ።»

«አንተማ አውቃለሁ» አለች። ፈገግ ልትል ሞከረች። «እንዴት ነው የሚደረገው? አንተ ልምድ አለህ። እኔ ለማጅ ነኝ።»

ወንበሩን አስጠግቶ ከጎኗ ተቀመጠ። እጇን ያዘ፤ የእሷም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ቀስ ብሎ ነው» አለ። «መጀመሪያ ዝም ብለሽ ትፈሪያለሽ። እኔ እዚህ አለሁ።»